«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ»፦ ዓይን ስለማያየው ሥራ

ልጁን፣ እኅቱን ወይም የቅርብ ዘመዱን ለመሸኘት ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ የማያውቅ ቤተ ሰብ በዛሬው ጊዜ በከተሞቻችን ጥቂት ነው። ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የምትሄደውን ልጅ እናት አቅፋ ትስማታለች፤ አባት አጭር ምክር ይሰጣል፤ ሁሉም በአንድ ቃል «በሰላም ያግባሽ» ይላል። ተጓዧ በመስታወቱ በር ገብታ ከዓይን ስትሰወር ሸኚዎቿ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በዚያች ሰዓት ምን እንዳደረግን ብዙውን ጊዜ አናስተውለውም። የምንወደውን ሰው፣ ፊታቸውን አይተን ለማናውቃቸውና ስማቸውን ለማንጠራቸው ሰዎች እጅ አደራ ሰጥተናል።

እነዚህ ሰዎች አብራሪዎቹ ብቻ አይደሉም። የአብራሪዎቹን ድምፅ እንኳ ተሳፋሪው በድምፅ ማጉያ ይሰማዋል። እኛ የምንለው ከዓመታት በፊት በሩቅ አገር ፋብሪካ ውስጥ ቆመው የአውሮፕላኑን አካል ቀዳዳ በቀዳዳ የበሱትን፣ ብሎን በብሎን ያጠበቁትን፣ ሽቦ በሽቦ ያሰሩትን ሠራተኞች ነው። እኛ እንደማናውቃቸው እነርሱም አያውቁንም። ሥራቸውን እንደ ጨረሱ በላዩ ሽፋን ለብሶበታል፤ ከሽፋኑ ወዲህ ወንበርና ምንጣፍ ገብቶበታል። ከዚያ በኋላ ተሳፋሪ አያየውም፤ አብራሪም አያየውም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው፦ ማንም የማያየውን ሥራ በታማኝነት የመሥራት ግዴታ ከየት ይመጣል? ግዴታው ሳይፈጸም ሲቀርስ ተጠያቂው የሠራው እጅ ብቻ ነውን? ጥያቄው የአውሮፕላን ፋብሪካ ሠራተኞች ብቻ አለመሆኑን አንባብያን እንደሚረዱልን እናምናለን። ይሁን እንጂ ነገሩ በዚያ ይበልጥ ጎልቶ ስለሚታይ ከዚያ እንጀምራለን።

የሥራው ጠባይ

ቦይንግ 747 የሚባለው ትልቅ አውሮፕላን ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሪቬትና የመሳሰሉት ማያያዣዎች ናቸው። እያንዳንዱ ማያያዣ የራሱ ቀዳዳ፣ እያንዳንዱም ቀዳዳ የራሱ ልክ አለው። የሰው ጠጉር ውፍረት የአንድ ሚሊ ሜትር ዐሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ በዚህ ሥራ ግን ከዚያ ያነሰ ልዩነት ቀዳዳውን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ይችላል። ቀዳዳው ከተበሳ በኋላም በከንፈሩ ላይ የሚቀረው ስለታም የብረት ፍርፋሪ ተጠርጎ መለስለስ አለበት። አውሮፕላን ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በውስጡ በታመቀው አየር ጥቂት ይነፋል፤ በወረደ ቁጥር ይኮማተራል። ይህ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም፣ በአንዲት ቀዳዳ ከንፈር ላይ የቀረች ጭረት የስንጥቅ መነሻ ልትሆን ትችላለች።

ብሎን ማጥበቅም ቢሆን በቤታችን እንደምናደርገው ጉልበት እስከ ፈቀደ ድረስ መፍቻውን መጠምዘዝ አይደለም። ከልኩ በታች የጠበቀ ብሎን ከንዝረት የተነሣ ይላላል፤ ከልኩ በላይ የጠበቀው ደግሞ ብረቱ ተስቦ ይደክማል። ስለዚህ ሠራተኛው ኃይሉን በሚለካ መፍቻ የተወሰነለትን ያህል ብቻ ያጠብቃል። ከዚያም ዳዶውንና ዳዶው የተቀመጠበትን ብረት የሚያገናኝ አንድ ቀጭን የቀለም መስመር ያሰምራል፤ ዳዶው ጥቂት እንኳ ቢዞር መስመሩ ስለሚሰበር የሚቆጣጠረው ሰው በዓይኑ ያውቀዋል። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ሁለት ብሎኖች በተገመደ ሽቦ ይተሳሰራሉ፤ አስተሳሰሩም አንደኛው ሊላላ ሲል ሌላውን ወደ መጥበቅ እንዲስበው ተደርጎ ነው። አንዱ ለሌላው ዋስ ሆኖ ይኖራል ማለት ነው።

የሥራ መሣሪያዎችም እንዲሁ በቁጥጥር ሥር ናቸው። በሚገባ በሚመራ ፋብሪካ ውስጥ መሣሪያዎቹ የሚሰቀሉበት ሰሌዳ ላይ የእያንዳንዱ ቅርፅ ተስሏል። ፈረቃው ሲያበቃ አንዱ ቅርፅ ባዶ ሆኖ ከተገኘ፣ የጎደለው መፍቻ የት እንደ ገባ ሳይታወቅ የተሠራው ክፍል አይዘጋም፤ በክንፍ ውስጥ የተረሳ መፍቻ አንድ ቀን ተንሸራቶ የመሪውን ገመድ ሊይዝ ይችላልና። በመጨረሻም ፊርማ አለ። የሠራው ሰው «ሠርቻለሁ» ብሎ ይፈርማል፤ የፈተሸውም «አይቻለሁ» ብሎ ይፈርማል። ሥራው ከተሸፈነ በኋላ ስለ እርሱ የሚናገረው ይህ ወረቀት ብቻ ነው።

በመርፌና በክር

ይህን የመሰለ ጥንቃቄ በብረት ሥራ ብቻ የተወሰነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1969 ሁለት ሰዎች በጨረቃ ላይ ሲራመዱ የለበሱት ልብስ የተሰፋው በአሜሪካ በደላዌር ግዛት በዶቨር ከተማ፣ በስፌት መኪና ላይ በተቀመጡ ሴቶች እጅ ነበር። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ቀደም ሲል የሴቶች የውስጥ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ናቸው። የጨረቃው ልብስ 21 ድርብርብ ነበረው፤ ስፌቱ ከተሰመረለት መንገድ ሊወጣ የሚፈቀድለት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባነሰ ልክ ነበር። የልብስ ሰፊ ወዳጅ የሆነችው ስፒል እንኳ በዚያ እንደ ጠላት ትታይ ነበር፤ በድርብርቡ መካከል የተረሳች አንዲት ስፒል ሰው መተንፈስ በማይችልበት ቦታ አየር የያዘውን ሽፋን ልትበሳው ትችላለችና። ስለዚህ ልብሱ በራጅ እየታየ ይፈተሽ ነበር።

በዚያው ዘመን በማሳቹሴትስ ግዛት በዋልታም ከተማ ሌሎች ሴቶች የመንኮራኩሩን ኮምፒዩተር ትውስታ በእጃቸው ይሸምኑ ነበር። ሥራው ሽቦን በትንንሽ የብረት ቀለበቶች መካከል ማሳለፍ ነበር፤ ሽቦው በቀለበቱ ውስጥ ካለፈ 1፣ በጎኑ ካለፈ 0 ተብሎ ይነበባል። አንዲት ሽቦ መንገዷን ብትስት ኮምፒዩተሩ የተሳሳተ ቃል ያነባል። ከሸማኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ከእኛ ይበልጥ ይገባዋል።

ይህን የጠቀስነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ለረጅም ዘመን የተናቁ ነበሩ። «ባለ እጅ» የሚለው ቃል ምስጋና መሆን ሲገባው ስድብ ሆኖ ኖሯል፤ ዐፄ ምኒልክ ሰውን በእጅ ሥራው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፣ የሥራ ክብር በመጀመሪያ የሚመጣው ከሚሠራው ነገር ዓይነት ሳይሆን የሚሠራው ሰው ከመሆኑ ነው ብለው አስተምረዋል። ሰፊዋን ታላቅ ያደረጋት የሰፋችው ልብስ ጨረቃ ላይ መድረሱ አይደለም። በዚያው እጅና በዚያው ልብ የሕፃን ልብስ ስትሰፋም ክብሯ ያው ነበር።

ሦስት መልሶች

ታዲያ አንድ ሠራተኛ ዓይን የማያየውን ሥራ ለምን በጥንቃቄ ይሠራል? ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት መልሶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው መልስ ፍርሃት ነው፤ ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ ጥፋት ከተገኘ ደመወዝ ይቆረጣል ወይም ሥራ ይታጣል። ቁጥጥር አስፈላጊ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ሚሊዮን ብሎኖች ባሉበት ቦታ ለእያንዳንዱ ብሎን አንድ ተቆጣጣሪ ማቆም አይቻልም፤ ቢቻል እንኳ ተቆጣጣሪውን ማን ይቆጣጠረዋል? በፍርሃት ብቻ የሚሠራ ሰው የአለቃው ጀርባ እስኪዞር ድረስ ብቻ ይሠራል።

ሁለተኛው መልስ የሞያ ክብር ነው። «ሞያ በልብ ነው» ይላሉ አበው። ሥራውን የሚወድ ሰው የተበላሸ ሥራ ከእጁ ሲወጣ ያፍራል፤ ማንም ባያየው እርሱ ራሱ ያየዋልና። ይህ ከፍርሃት እጅግ የተሻለ ነው። ነገር ግን የሞያ ክብርም ብቻውን ሰውን ሊያሳስት እንደሚችል የሚከተለው ታሪክ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1990 ከእንግሊዝ አገር ከበርሚንግሃም ከተማ ወደ ስፔን የተነሣ አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን፣ ከ5,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንደ ደረሰ ከአብራሪዎቹ ፊት ካሉት መስታወቶች አንዱ ተነቅሎ ሄደ። ዋናው አብራሪ በአየሩ ግፊት እስከ ወገቡ ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተሳበ። የበረራ አስተናጋጆቹ እግሩን አንቀው ይዘው፣ ረዳት አብራሪው አውሮፕላኑን ሳውዝሃምፕተን ላይ አሳረፈ። ዋናው አብራሪ ጭምር ሁሉም በሕይወት ተረፉ። በምርመራው እንደ ታወቀው መስታወቱ የተለወጠው ከበረራው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በሌሊት ፈረቃ ነበር። መስታወቱን ከያዙት 90 ብሎኖች 84ቱ ከሚገባው ልክ በ0.66 ሚሊ ሜትር ያህል የቀጠኑ፣ የቀሩት 6ቱ ደግሞ ያጠሩ ሆነው ተገኙ።

መስታወቱን የለወጠው ሰው ሰነፍ አልነበረም፤ የብዙ ዓመት ልምድ ያለው የፈረቃ ኃላፊ ነበር። የመለዋወጫውን መዝገብ ከፍቶ ቁጥሩን ከመፈለግ ይልቅ፣ አሮጌውን ብሎን በእጁ ይዞ ብርሃኑ ደካማ በሆነ ቦታ በዓይኑ እያመሳሰለ መረጠ። አሮጌዎቹ ብሎኖች ራሳቸው ከልክ ያጠሩ ነበሩ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ትክክለኛውን ዓይነት ቢጠቁመውም እርሱ የለመደውን አመነ። ሥራውንም ሌላ ሰው እንዲፈትሽለት ደንቡ አያስገድድም ነበር። እንግዲህ በጎ ፈቃድ ነበረው፤ ሞያም ነበረው። የጎደለው ራሱን ለልክ ማስገዛት ነው። ልምድ ያለው ሰው ትልቁ ፈተና ይህ ይመስለናል፤ ዓይኑ ብዙ ጊዜ ትክክል ስለ ሆነለት ዓይኑን ከመለኪያው አስበልጦ ያምናል። ስለዚህ ጥንቃቄ የእጅ ብልሃት ብቻ ሳይሆን የትሕትና ዓይነትም ነው።

ሦስተኛው መልስ አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃው የእርሱ አይደለም፤ ባለቤቱም በአጠገቡ የለም። ባለቤቱ ስለሌለ ይበልጥ መጠንቀቁ የአደራ ልዩ ጠባይ ነው። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ያሉት ይህን ክብደት ለመግለጽ ነው። ብሎኑን የሚያጠብቀው ሰው ሌላ ጊዜ በዚያ ወንበር የምትቀመጠውን ልጅ አያውቃትም፤ እርሷ ግን ሳታውቀው አምናዋለች። ይህን ሲያስብ በፊቱ ያለው ብረት ብቻ መሆኑ ይቀራል። ፍርሃት ወደ አለቃው ያሳየዋል፤ የሞያ ክብር ወደ ራሱ ያሳየዋል፤ አደራ ግን ወደ ባልንጀራው ያሳየዋል። ዓይኑን አሳንሶ መለኪያውን እንዲያምን የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ሕይወቱ የእርሱ ያልሆነን ሰው በግምት ሊያሳፍረው አይገባምና።

ፊርማ ምስክርነት ነው

እ.ኤ.አ. ጃንዩወሪ 5 ቀን 2024 ከአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ የተነሣ የአላስካ ኤርላይንስ ቦይንግ 737 ማክስ 9 አውሮፕላን፣ 171 ተሳፋሪዎችና 6 የበረራ ሠራተኞች ይዞ ወደ ላይ በመውጣት ላይ ሳለ፣ በግራ ጎኑ ለበር የተተወውን ክፍት ቦታ የሚዘጋው መድፈኛ ተነቅሎ ወደቀ። ከክፍተቱ አጠገብ የነበሩት ሁለት ወንበሮች በዚያ ቀን ሰው አልተቀመጠባቸውም ነበር። ጥቂት ሰዎች ቀላል ጉዳት ደረሰባቸው እንጂ የሞተ አልነበረም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ፣ መድፈኛው ከቦታው እንዳይንሸራተት የሚይዙት 4 ብሎኖች ጭራሽ እንዳልነበሩ ተረጋገጠ። ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 በዋሽንግተን ግዛት በሬንተን ፋብሪካ፣ በአጠገቡ የነበሩ የተበላሹ ሪቬቶችን ለማደስ መድፈኛው መከፈት ነበረበት። ተከፈተ፤ ሪቬቶቹም ታደሱ። መድፈኛው መከፈቱ ግን በመዝገብ አልተጻፈም። ስላልተጻፈም ተመልሶ በሚገባ መዘጋቱን እንዲፈትሽ የተጠራ ሰው አልነበረም። ሠራተኞች ስለ ቀሪው የውስጥ ሥራ ሲነጋገሩ በተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ላይ፣ ብሎኖቹ ሊኖሩባቸው ከሚገባቸው 4 ቦታዎች 3ቱ ባዶ ሆነው ይታያሉ፤ አራተኛው በሙቀት መከላከያ ሽፋን ተከድኗል። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ተገጠመ፤ ወንበሩ ገባ፤ አውሮፕላኑም ወደ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ሰው ሲያመላልስ ቆየ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን እንማራለን። አንደኛው፣ ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ የሚቆጠር መሆኑ ነው። ፊርማ የቢሮ ሥርዓት ብቻ መስሎ ይታየናል፤ በእርግጥ ግን ምስክርነት ነው። «ይህን ከፍቻለሁ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው እውነቱን ይነግረዋል። ሳይጽፍ የሚያልፍ ሰው ሐሰት ባይናገር እንኳ በዝምታው ሌላውን ያሳስታል። ያልሠራውን «ሠርቻለሁ» ብሎ የሚፈርም ደግሞ በሐሰት ይመሰክራል፤ ወረቀቱም በባልንጀራው ላይ የቆመ የሐሰት ምስክር ይሆናል።

ከእጅ በላይ ያለው እጅ

ሁለተኛው ትምህርት ግን ይበልጥ ከባድ ነው። ቦርዱ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 የመጨረሻ ፍርዱን ሲሰጥ ዋናውን ጥፋት በአንድ ሠራተኛ ላይ አልጣለም፤ ኩባንያው ለፋብሪካ ሠራተኞቹ በቂ ሥልጠና፣ መመሪያና ክትትል አለመስጠቱን ነው በምክንያትነት ያስቀመጠው። በበሩ ሥራ ላይ ከተመደቡት 24 ሰዎች መካከል እንዲህ ያለውን መድፈኛ ቀደም ሲል ከፍቶ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም በዚያን ጊዜ ዕረፍት ላይ ነበር። ሠራተኞች ከሚገባው በላይ እንዲፈጥኑ ጫና ይደረግባቸው እንደ ነበር ለመርማሪዎች ተናግረዋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአገራችን ምሳሌ እዚህ ላይ ከምሳሌነት አልፎ እንደ ቃሉ ሆኗል።

የእኛ ሐዘን ደግሞ ሌላ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል። ከእነርሱም መካከል አራቱ የካቶሊክ ተራድኦ ድርጅት ባልደረቦች የሆኑ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከ5 ወር ያህል አስቀድሞ በኢንዶኔዢያ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በእነዚህ አደጋዎች የጎደለ ብሎን አልነበረም። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ታች እንዲደፋ የሚያዝዘው አዲስ ሥርዓት፣ ሁለት መለኪያዎች እያሉ የአንዱን ቃል ብቻ እንዲሰማ ተደርጎ ተነድፎ ነበር፤ ያ መለኪያ ሐሰት ሲናገር ሥርዓቱ ሐሰቱን አመነ። የመጀመሪያው አደጋ እስከ ደረሰ ድረስ ለአብራሪዎች በተሰጠው መመሪያ ውስጥ ስለዚህ ሥርዓት የተብራራ ነገር አልነበረም። ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በጃንዩወሪ 2021 ከአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር ባደረገው ስምምነት፣ ሁለት የቴክኒክ አብራሪዎቹ ስለዚሁ ሥርዓት ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ማሳሳታቸውን አምኗል።

ስለዚህ ዓይን የማያየው ሥራ በፋብሪካ ወለል ላይ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በጠረጴዛ ላይ የሚነደፈው ንድፍ፣ በስብሰባ የሚቆረጠው የጊዜ ገደብ፣ ከመመሪያ የሚወጣው አንድ አንቀጽ፣ እነዚህም ከሽፋን በስተጀርባ የሚቀሩ ብሎኖች ናቸው። አደራውም በእነርሱ ላይ ይበልጥ ይከብዳል፤ የእነርሱ አንድ ስሕተት በአንድ አውሮፕላን ሳይሆን በመቶዎች ላይ ይገኛልና።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፦ ጥፋቱን በሁሉም ላይ ካከፋፈልነው ማንም ተጠያቂ አይሆንም፤ ሠራተኛውም «አለቃዬ አጣደፈኝ» እያለ ያመልጣል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ነገር ግን ኃላፊነት እንደ ዳቦ ሲቆረስ የሚያንስ ነገር አይደለም። አጣዳፊው ተጠያቂ መሆኑ ፈራሚውን ነጻ አያወጣውም፤ ፈራሚው ተጠያቂ መሆኑም አጣዳፊውን አይሰውረውም። እያንዳንዱ ስለ ራሱ ድርሻ ሙሉ በሙሉ ይጠየቃል። ይሁን እንጂ በሥልጣን ከፍ ያለው ሰው የሌሎችን ታማኝነት ቀላል ወይም ከባድ የማድረግ ኃይል ስላለው፣ ያን ኃይል እንዴት እንደ ተጠቀመበት ጭምር ይጠየቃል።

«ተሳስቻለሁ» የሚል ቃል

ይህን ለማየት ወደ መሣሪያ ሰሌዳው እንመለስ። ፈረቃው አልቋል፤ አንድ ወጣት ሠራተኛ አንድ መፍቻ እንደ ጎደለው ያስተውላል። በክንፉ ውስጥ ሳይረሳው አልቀረም። ቢናገር ሥራው ይቆማል፤ ባልደረቦቹ ወደ ቤታቸው መሄዳቸው ይዘገያል፤ የተዘጋው ይከፈታል። ዝም ቢል ደግሞ ነገ ሌላ መፍቻ ሰቅሎ ባዶውን ቅርፅ መሙላት ይችላል። በዚህች ሰዓት የሚያየው የለም። ተናገረ እንበል። አለቃው ያን ጊዜ የሚመልስለት ቃል የዚያን ምሽት ጉዳይ ብቻ የሚወስን አይደለም፤ ከጮኸበትና ካዋረደው፣ በሚቀጥለው ጊዜ እርሱም የሰሙት ሁሉም ዝም ይላሉ። «ስለ ነገርኸን እግዚአብሔር ይስጥህ» ብሎ ፍለጋውን አብሮት ከጀመረ ግን እውነት በዚያ ቤት መኖሪያ ታገኛለች።

እዚህ ላይ መሳሳትና መደበቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል። ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም፤ ፋብሪካም ይህን ስለሚያውቅ ነው ፍተሻን በፍተሻ ላይ የሚደርበው። የተነገረ ስሕተት ይታረማል። የተደበቀ ስሕተት ግን ከሽፋኑ በስተጀርባ ሆኖ ጊዜውን ይጠብቃል። ስሕተቱን የነገረውንና የደበቀውን በአንድ ዱላ የሚመታ አለቃ ሠራተኞቹን መደበቅን ያስተምራቸዋል። ይህ ሲባል በቸልተኝነት የሰው ሕይወት ያጠፋ አይጠየቅ ማለታችን አይደለም፤ እውነትን ከመናገር የሚከለክል ፍርሃት ለማንም ደኅንነት አይሆንም ማለታችን ነው። በደልን ተናግሮ መታረም ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ ሆኖም በመናዘዣው ስፍራ የምናውቀውን በሥራ ቦታችን ስንቶቻችን እንደምናውለው ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው።

በየቤታችን ያለው ብሎን

ከአንባብያን መካከል አውሮፕላን የሚገጣጥም ወይም የሚጠግን ጥቂት ይሆናል። ነገር ግን ግንበኛው ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ፌሮውን በልኩ ያስራል ወይም ያሳንሳል፤ ከተሞላ በኋላ ማንም አያየውም። የጤና ረዳቷ መቀስና የመሳሰሉት መሣሪያዎች ከጀርም የሚጸዱበትን ጊዜ ትጠብቃለች ወይም ታሳጥራለች፤ በሽተኛው አያውቅም። የመድኃኒት ቤቱ ባለሞያ ክኒኑን ይቆጥራል፤ መምህሩ የፈተናውን ወረቀት እስከ መጨረሻው ያነባል ወይም ከላይ ተመልክቶ ነጥብ ይሰጣል። እናት ምስሩን ከጠጠር ትለቅማለች፤ ድካሟ የሚታወቀው አንድ ቀን ጠጠር ጥርስ ላይ ሲገኝ ብቻ ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህርም ትምህርቱን አንብቦና አስቦ ይመጣል ወይም የአምናውን ይደግማል፤ ሕፃናቱ ልዩነቱን በዚያ ቀን ላያውቁት ይችላሉ። ጌታ ራሱ ከሕይወቱ የሚበዛውን ጊዜ ያሳለፈው ማንም በማይጽፍለት የናዝሬት ሥራ መሆኑን ማስታወስ ለእነዚህ ሁሉ መጽናኛ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ጉዳይ ከወጣቶች ጋር ለመወያየት ቢፈልጉ ሦስት ጥያቄዎችን እናቀርባለን። በሥራችን ወይም በትምህርታችን ማንም የማያየው ክፍል የትኛው ነው? እዚያስ ማን አደራ ሰጥቶናል? በቤታችን፣ በሥራ ቦታችንና በቁምስናችን «ተሳስቻለሁ» ብሎ የሚመጣ ሰው ከእኛ ምን ቃል ይሰማል? ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ ለአባቶች፣ ለእናቶችና ለአለቆች ነው።

ከቦሌ የተመለሰችው እናት በዚያች ሌሊት ስልክ እስኪደወልላት ድረስ እንቅልፍ አይወስዳትም። ንጋት ላይ «ደርሻለሁ» የሚል ድምፅ ትሰማለች፤ «ተመስገን» ብላም ቡናዋን ታቀራርባለች። ብሎኑን ያጠበቀውን፣ ሽቦውን ያሰረውን፣ መፍቻው ሲጎድልበት ያልደበቀውን ሰው አታውቀውም፤ እርሱም ምስጋናዋን አይሰማም። እኛ ግን በምስጋናዋ ውስጥ ድርሻ እንዳለው እናምናለን።